ጃፓን ውስጥ ራመን ቤት ገብቶ መብላት፦ ከደጁ ሰልፍ እስከ ባዶው ሳህን

እኛ ምግብ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ቦታ እንይዛለን። እጃችንን እንታጠባለን፣ ሜኑ እናገላብጣለን፣ አስተናጋጁን «ዛሬ ምን አለ?» ብለን እንጠይቃለን፣ ሐሳባችንን ሁለት ጊዜ እንቀይራለን። ራመን፣ ማለትም መረቅ ውስጥ የሚቀርብ ኑድል፣ የሚበላበት የጃፓን ቤት ሥርዓት የዚህ ግልባጭ ነው። ምን እንደምትበሉ፣ ምን ያህል እንደምትበሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን እንደማትበሉ የሚወሰነው ወንበር ከመሳባችሁ በፊት ነው። በብዙዎቹ ቤቶች ሒሳቡም ያኔውኑ ይከፈላል። ከተቀመጣችሁ በኋላ የሚቀራችሁ መብላት ብቻ ነው።

ይህን ሳላውቅ ነበር ለትምህርት ቶኪዮ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለች አንዲት ጠባብ ራመን ቤት የገባሁት። ከኋላዬ ሰው ስለቆመ ተቻኩዬ በሩ አጠገብ ካለው የምግብ ቲኬት መሸጫ ማሽን ቁልፎች አንዱን ተጫንኩ። ሳህኑ ሲመጣ ላዩ ላይ ሦስት ቁራጭ የአሳማ ሥጋ ተደርድሮበታል፤ መረቁም ከአሳማ አጥንት የወጣ ነበር። ያደግሁበት ቤት አሳማ አይበላም፤ እኔም አልበላም። የማውቀው ጃፓንኛ ከሰላምታና ከምስጋና አያልፍም። አብሳዩ ያልተነካውን ሳህን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ «ምን አጠፋሁ?» የሚል አስተያየት ነበር። አንዲት ቃል ሳላስረዳው አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ የከፈልኩት ገንዘብ ሳይሆን የዚያ ሰው ፊት ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተሞች ብዙ ሳህን ራመን በልቻለሁ፤ የተማርኩትንም ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ሳህኑ ውስጥ ምን አለ?

አገር ቤት ኢንዶሚ እያልን የምንጠራው ፈጣን ኑድል የራመን ልጅ ነው። ሞሞፉኩ አንዶ ኦሳካ አጠገብ ባለችው በኢኬዳ ከተማ ፈጣኑን ኑድል ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው በ1958 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ራመን ራሱ ግን ከዚያ በብዙ ይቀድማል። ሥሩ ከቻይና የመጣ የስንዴ ኑድል ነው፤ በ1910 ቶኪዮ ውስጥ አሳኩሳ በተባለው ሰፈር የተከፈተው ራይራይኬን የሚባል ቤት ከዮኮሃማ የቻይናውያን ሰፈር አብሳዮችን አምጥቶ ለከተማው ሕዝብ አቀረበው። ስለዚህ ኢንዶሚ የለመደ ሰው ራመንን አውቀዋለሁ ብሎ እንዳይገባ እመክራለሁ።

ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ የሚገናኙት ነገሮች አምስት ናቸው። ኑድሉ ከስንዴ ዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ካንሱይ ከሚባል የማዕድን ውሕድ ይሠራል፤ ቢጫ መልኩና ጥርስ ላይ ለጠጥ የሚለው ጥንካሬው በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ካንሱይ ነው። መረቁ ለሰዓታት ከሚንተከተክ አጥንት፣ ከደረቀ ዓሣና ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረም ይወጣል። ታሬ የሚባለው ደግሞ ጨዉንና ጣዕሙን የሚወስን ወፍራም ማጣፈጫ ሲሆን፣ ከሁሉ ቀድሞ ሳህኑ ሥር ይፈስሳል፤ መረቁ የሚጨመረው በላዩ ነው። ከዚያ መዓዛ የሚሰጥ ዘይት አለ። በመጨረሻ ላዩ ላይ የሚደረደረው ይመጣል፦ ቻሹ የሚባል የአሳማ ሥጋ ቁራጭ፣ አኩሪ አተር ሶስ ውስጥ አድሮ አስኳሉ ገና ለስላሳ የሆነ እንቁላል፣ ሜንማ የሚባል የተብላላ የቀርከሃ ቡቃያ፣ የደረቀ የባሕር አረም፣ ተቆራርጦ የተበተነ የባሮ ሽንኩርት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በስሞቹ ነው። ሾዩ ራመን፣ ሺዮ ራመን፣ ሚሶ ራመን ሲባል የሚጠራው ታሬው ነው፤ በቅደም ተከተል አኩሪ አተር ሶስ፣ ጨው፣ የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ ማለት ነው። ቶንኮትሱ ራመን ሲባል ግን የሚጠራው አጥንቱ ነው፤ ቃሉ በቀጥታ «የአሳማ አጥንት» ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «ቶንኮትሱ አልበላም፤ ሺዮ ስጡኝ» ቢል ያዘዘው የጨው ጣዕም ያለው ራመን ነው እንጂ አሳማ የሌለበት ራመን አይደለም። በዚያ ሺዮ ሥር ያለው መረቅ የዶሮ ሊሆን ይችላል፣ የአሳማ ሊሆን ይችላል፣ የሁለቱ ቅልቅልም ሊሆን ይችላል።

አገሩን ለሚዞር ሰው ደግሞ ራመን እንደ ከተማው ይለያያል። በሰሜን ሳፖሮ በብርዱ ምክንያት ሚሶው ወፍራም ነው፤ በቆሎና ቅቤ ይጨመርበታል። ሃኮዳቴ በጠራ የጨው መረቋ ትታወቃለች። ኪታካታ ውስጥ ሰዎች ራመንን ለቁርስ ይበላሉ፤ ኑድሉ ሰፋ ያለና የሚጠማዘዝ ነው። በደቡብ ፉኩኦካ የሃካታ ቶንኮትሱ መረቁ እንደ ወተት ነጭ፣ ኑድሉ እንደ ክር ቀጭን ነው። እኔ ምርጫ ብጠየቅ ከነዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ፣ ቶሪ ፓይታን የሚሉት፣ ከዶሮ አጥንት ብቻ ተንተክትኮ ነጭ እስኪሆን የሚበስለው ነው። የእናቴን የዶሮ መረቅ ያስታውሰኛል።

አሳማ ለማይበላ፣ ለጾመኛና ለሙስሊም

ይህ ክፍል ለእኛ አንባቢዎች ከሁሉም የሚበልጥ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ከቤት ሳትወጡ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አጥኑ። የመጀመሪያው «ቡታ ዋ ታቤራሬማሴን» ነው፤ አሳማ መብላት አልችልም ማለት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ነው፦ «ቡታኒኩ ዋ ሃይቴ ኢማስ ካ?» የአሳማ ሥጋ አለበት ወይ? ሁለቱንም በጃፓን ፊደል ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ አነጋገራችሁ ባይገባቸው ታሳያላችሁ።

ቀጥሎ ጥያቄውን በደንብ ዘርዝሩት። «ሥጋ የሌለበት» ብቻ ብትሉ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ከላይ ያለውን ቁራጭ ማንሳት ነው፤ መረቁ ያው ይሆናል። ስለዚህ ስለ አራት ነገሮች ጠይቁ፦ ከላይ ስለሚደረደረው ሥጋ፣ ስለ መረቁ፣ ስለ ታሬውና ስለ ዘይቱ። በተለይ ዘይቱ ይረሳል፤ የዶሮ መረቅ የሚሠራ ቤትም የአሳማ ስብ ሊያፈስስበት ይችላል፤ የዶሮው ራመን ላይ የአሳማ ቻሹ መደርደርም የተለመደ ነው። ሙስሊም አንባቢዎች ታሬው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳኬ ወይም ሚሪን የሚባል የሩዝ መጠጥ እንደሚገባ ይወቁ።

ለሙስሊሞች የተሻለው መንገድ ሃላል ብሎ በግልጽ የጻፈ ቤት መፈለግ ነው። አሳኩሳ ውስጥ ናሪታያ የሚባለው ራመን ቤት በዚህ ይታወቃል። ለጾመኛ ደግሞ ቪጋን የሚል ቃል ፈልጉ፤ ጃፓኖችም ቃሉን ተቀብለውት «ቢጋን» ይሉታል። ቲስ ታንታን የሚባለው ቤት ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ራመን በመሥራት የታወቀ ሲሆን፣ በቶኪዮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለው ቅርንጫፉ መንገደኛ በብዛት የሚበላበት ነው። መረቁ የሰሊጥ ነው፤ ሰሊጥ ለጾም ምግብ እንግዳ ስላልሆነ ምላሳችን ወዲያው ይለምደዋል። ቤቶች ቦታ ስለሚቀይሩ ከመሄዳችሁ በፊት የዕለቱን አድራሻና ሰዓት ካርታ ላይ ተመልከቱ። በተራ ራመን ቤት «ሥጋ የለበትም» የተባለ መረቅ ግን የደረቀ ዓሣ ሊኖርበት ይችላል፤ ኑድሉም እንቁላል ሊገባበት ይችላል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን፣ የማን እርድ እንደሚበላም ጭምር፣ እያንዳንዱ ከእምነቱና ከኅሊናው ጋር ይጨርሰው።

ከዚያች የመጀመሪያ ቀን ወራት በኋላ ወደዚያው ቤት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ማሽኑን ሳልነካ በሩ ላይ ቆሜ ያጠናሁትን ጥያቄ ጠየቅሁ። አብሳዩ ሁለት ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጣመረ፤ ጃፓን ውስጥ ይህ «አይሆንም» ማለት ነው። «ሁሉም አሳማ ነው» አለኝ። ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ከባንኮኒው ኋላ ወጥቶ እስከ ደጁ ሸኘኝና ከመንገዱ ማዶ ሁለተኛውን መታጠፊያ በጣቱ አሳየኝ፤ የዶሮ ራመን የሚሠራ ቤት ነበር። እምቢ ሲሏችሁ አትከፉ። የማይሆነውን አይሆንም የሚል አብሳይ፣ ይሆናል ብሎ ከሚያበላችሁ ይሻላል።

ገንዘብና ሰልፍ

ባለ 1000 የን ኖቶችና ሳንቲሞች ይዛችሁ ውጡ። አንድ ሳህን ራመን በአብዛኛው ከ800 እስከ 1200 የን ያወጣል። በብዙ ትንንሽ ቤቶች ያለው የቲኬት ማሽን ባለ 5000 እና ባለ 10000 ኖት አይቀበልም። ሌላም አለ፦ ጃፓን ጁላይ 3 ቀን 2024 አዳዲስ የብር ኖቶች ስታወጣ የድሮ ማሽናቸውን ያልቀየሩ ቤቶች ነበሩ፤ አዲሱን ባለ 1000 የን ማሽኑ መልሶ ቢተፋው ኖቱ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ሳንቲም ካላችሁ ሞክሩ፤ ከሌላችሁ ለአብሳዩ አሳዩት፤ ይዘረዝርላችኋል። ጉርሻ ወይም ቲፕ የሚባል ነገር የለም። ጠረጴዛው ላይ ትታችሁ ብትወጡ ረስታችሁ መስሏቸው ተከትለዋችሁ ይሮጣሉ።

በሩ ላይ ኖሬን የሚባል አጭር የጨርቅ መጋረጃ ተሰቅሎ ካያችሁ ቤቱ ክፍት ነው። ሰልፍ ካለ መጨረሻው ላይ ቁሙ። አንድ ሰው ቦታ ይዞ አራት ጓደኞቹን ሲጠብቅ መገኘቱ ነውር ነው፤ አብራችሁ የምትበሉ ከሆነ አብራችሁ ተሰለፉ። አንዳንዱ ቤት መጀመሪያ ቲኬቱን አስገዝቶ ነው ወደ ሰልፉ የሚመልሳችሁ፤ ፊታችሁ ያለው ሰው የሚያደርገውን ተከተሉ። ምሳ ከሆነ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የቢሮ ሠራተኛው ይጎርፋል፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ብትሄዱ ሰልፉ ይቀላል፣ ጥያቄ ለመጠየቅም ፋታ ታገኛላችሁ። ብዙ ቤቶች መረቁ ሲያልቅ ስለሚዘጉ በጣም አትዘግዩ።

የቲኬቱ ማሽን

ማሽኑ ከበሩ ቀጥሎ ይቆማል። ትንንሽ ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረውበታል፤ አንዳንዱ ላይ ፎቶ አለ፣ አብዛኛው ላይ ግን ፊደል ብቻ ነው። የስልካችሁን የትርጉም መተግበሪያ ከፍታችሁ ካሜራውን ወደ ቁልፎቹ አዙሩ። ትርጉሙ የተዛባ ቢሆንም አሳማ፣ ዶሮ፣ እንቁላል የሚሉትን ቃላት ይለይላችኋል። ይህን ግን ከሰልፉ ወጣ ብላችሁ አድርጉት፤ ከኋላ የቆመውን ሰው አሳልፉት። እኔ ያን ቀን የተሳሳትኩት በዚህ ነው። ሁለት ደቂቃ ፈቀቅ ብዬ ብቆም ማንም አይቆጣኝም ነበር።

ገንዘቡን ቀድማችሁ አስገቡ፤ ያስገባችሁት ገንዘብ የሚበቃቸው ቁልፎች ይበራሉ። ከላይ በግራ በኩል ያለው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ የሚኮራበት ዋና ራመን ነው። ከጎኑ ያው ራመን እንቁላል ተጨምሮበት፣ ቀጥሎ ሥጋው በዝቶ ይመጣል። ወደ ታች ስትወርዱ ተጨማሪ እንቁላል፣ ሩዝ፣ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጠበሰው ግዮዛና ቢራ ታገኛላችሁ። «ኦሞሪ» የሚለው ትልቅ መጠን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አትዘዙት። ተራው መጠን ራሱ ሆድ ይሞላል፤ ያዘዙትን ኑድል መተው ደግሞ ያሳፍራል። በአንድ ሰው አንድ ሳህን ማዘዝም ግዴታ ነው፤ ሁለት ሆናችሁ አንዱን ሳህን ልትካፈሉ አትችሉም። ከአንድ ትሪ ተጎራርሰን ላደግን ሰዎች ይህ ይከብዳል፤ ቤቱ ግን አሥር ወንበር ብቻ ይዞ በእያንዳንዱ ወንበር ነው የሚተዳደረው።

መልስ የሚሰጥ ማንሻ ወይም ቁልፍ አለ፤ እሱን ካልነካችሁ አንዳንዱ ማሽን መልሱን አያወርድም። የምትይዟት ትንሿ ወረቀት ሾኬን ትባላለች። አትጠፋባችሁ።

ባንኮኒው ላይ

«ኢራሻይማሴ!» የሚል ጩኸት ይቀበላችኋል፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ነው። መልስ አይጠበቅባችሁም፤ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ጣት እያሳዩ ወንበር ይመሯችኋል። ሾኬኗን ባንኮኒው ላይ፣ አብሳዩ በሚደርስበት ከፍ ያለ መደብ ላይ አስቀምጡ። የተለየ ጥያቄ ካላችሁ የመጨረሻው ዕድል ይህ ነው፤ ኑድሉ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚቀየር ነገር የለም።

እሱም የሚጠይቃችሁ ሊኖር ይችላል። በሃካታ ዓይነት ቤቶች የኑድሉን ጥንካሬ ይጠይቃሉ፦ ያዋ ለስላሳ፣ ፉትሱ መካከለኛ፣ ካታ ጠንካራ፣ ባሪካታ በጣም ጠንካራ ማለት ነው። ከዮኮሃማ በተስፋፋው ኢኤኬ በሚባለው ዓይነት ደግሞ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ የኑድሉን ጥንካሬ፣ የጣዕሙን ጉልበት፣ የዘይቱን መጠን። ለሁሉም «ፉትሱ» ብትሉ ትድናላችሁ። በ1968 ቶኪዮ ውስጥ ከተጀመረው፣ ጂሮ ከሚባለው ራመን ቤት በመጣው ዓይነት ግን ሳህኑ ከመሰጠቱ በፊት «ኒንኒኩ ኢሬማስ ካ?» ይላሉ፤ ነጭ ሽንኩርት ላድርግበት ወይ ማለት ነው። መረቁ ሙሉ በሙሉ የአሳማ፣ መጠኑም የተራራ ያህል ስለሆነ ወደዚያ እንድትሄዱ አልመክርም።

ቦርሳችሁን ወንበሩ ሥር ባለው ቅርጫት ወይም ባንኮኒው ሥር ባለው ማንጠልጠያ ላይ አድርጉ። ውሃ በነፃ ነው፤ ራሳችሁ ትቀዳላችሁ፣ አብሯችሁ ለመጣው ሰውም ትቀዱለታላችሁ። እጅ መታጠቢያ የሌለበት ቤት ስለሚበዛ ጣቢያው ላይ ታጥባችሁ ግቡ። ጸጉረ ረጅሞች ማሰሪያ፣ ነጭ የለበሱ የወረቀት ሽርጥ ቢጠይቁ ብዙ ቤቶች ይሰጣሉ።

ስትጠብቁ አብሳዩን ተመልከቱ። ሥራው ሁሉ ፊት ለፊታችሁ ይታያል። ታሬውን በጭልፋ ይለካል፤ ትኩሱን መረቅ ያፈስስበታል። ሰዓት ሳያይ ኑድሉን በወንፊት ከፈላው ውሃ ያወጣና በክንዱ ሙሉ ኃይል ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ያራግፈዋል፤ «ቻ! ቻ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ኑድሉ ላይ የቀረች ውሃ መረቁን ታቀጥነዋለች፤ ለዚህ ነው ያን ያህል የሚያራግፈው። ከዚያ ኑድሉን መረቁ ውስጥ አስገብቶ በረጅም ቾፕስቲክ አንድ ጊዜ ያነሳና ያጥፈዋል፤ ክሮቹ ልክ እንደተበጠረ ጸጉር ወደ አንድ ጎን ይተኛሉ። ሳህኑ እጃችሁ ላይ ሲደርስ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ኑድሉ መረቁን እየጠጣ ይለሰልሳል። ደንቦቹ ሁሉ፣ ዝምታውም ፍጥነቱም፣ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

አበላሉ

ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ አንድ አንሱና ስልኩን አስቀምጡ። የሰው ፊትና አብሳዩን ግን ሳትጠይቁ አታንሱ።

«ኢታዳኪማስ» በሉ፤ ከምግብ በፊት የሚባል ምስጋና ነው። የእንጨቱን ቾፕስቲክ አላቁ፤ እርስ በርስ አትፈትጉት፣ ርካሽ ዕቃ ሰጣችሁኝ ማለት ይሆናል። ሬንጌ የሚባለውን ጎድጓዳ ማንኪያ በግራ እጃችሁ ያዙ። መጀመሪያ መረቁን ብቻ ቅመሱ፤ ነጭ ሽንኩርቱንም፣ ቃሪያውንም፣ ኮምጣጤውንም ገና አትንኩ። አብሳዩ የለካውን ሳትቀምሱ ማጣፈጥ፣ ወጥ ሳይቀመስ ጨው እንደ መጨመር ነው። ግማሽ ላይ ስትደርሱ ግን የፈለጋችሁትን ጨምሩ፤ ለዚያ ነው የተቀመጠው።

አሁን ለእኛ ከባዱ ነገር። «አፍህን ዘግተህ ብላ» እየተባልን አድገናል። ራመን ግን በድምፅ ይበላል። ትኩስ ኑድል ከአየር ጋር ሲሳብ ይቀዘቅዛል፣ መረቁን ይዞ ይመጣል፣ መዓዛውም በአፍ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። ይህ ለእኛ ያን ያህል እንግዳ አይደለም፤ ትኩስ ቡና ፉት ስንል የምናደርገው ይኸው ነው። ቡና ቀማሾች ሥራ ላይ ሳሉ ሰምታችሁ ከሆነ ደግሞ ከማንኪያው ላይ ቡናውን በፉጨት መሰል ድምፅ ይምጉታል፤ ጣዕሙ ምላሳቸው ላይ ሁሉ እንዲዳረስ ነው። ያንኑ ዘዴ ወደ ኑድል አዙሩት።

እንዲህ አድርጉ። አራት ወይም አምስት ክር ብቻ በቾፕስቲኩ ያዙ፤ ብዙ ከያዛችሁ ጉንጫችሁ ይሞላል፣ መረቁም ይረጫል። ሳህኑን ወደ አፋችሁ ሳይሆን አፋችሁን ወደ ሳህኑ አቅርቡ፤ ክርናችሁ ባንኮኒውን ሊነካ እስኪል ጎንበስ በሉ። የክሮቹን ጫፍ ከንፈራችሁ ላይ አድርጋችሁ ከንፈራችሁን አጥብቡና በአንድ ትንፋሽ ሳቡ፤ ቾፕስቲኩ ከሥር እየተከተለ ይግፋው። መጀመሪያ ትንታ ሊይዛችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትንፋሹን አሳጥሩት። ካልሆነላችሁም ሬንጌው ላይ ትንሽ ኑድል ጠቅልላችሁ በጸጥታ ብሉ፤ ማንም አያያችሁም። በጸጥታ መብላት ነውር አይደለም፤ ኑድሉ እስኪያብጥ ቁጭ ብሎ ማውራት ግን አይወደድም።

ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ፤ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክም ምግብ አትቀባበሉ። ሁለቱም የቀብር ሥርዓት ናቸው፤ አንዱ ለሟች የሚቀርብ ሩዝ፣ ሌላው ከተቃጠለ አስከሬን አጥንት የሚለቀምበት መንገድ ነው። ለጓደኛችሁ ማጉረስ ካማራችሁ ለቤታችሁ አቆዩት።

ኑድሉ አልቆ መረቅ ከቀረ

በሃካታ ዓይነት ቤት ኑድሉ ቀድሞ ሲያልቅ መረቁን ሳትጠጡ «ካኤዳማ» በሉ። ከ100 እስከ 200 የን ባለው ዋጋ አዲስ የተቀቀለ ኑድል ብቻ ሳህናችሁ ላይ ይገለብጡላችኋል። መረቁ ከግማሽ በታች ሳይወርድ ማዘዝ ይሻላል።

ትሱኬመን ያዘዘ ሰው ደግሞ ሁለት ሳህን ይመጣለታል፤ በአንዱ በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ ወፍራም ኑድል፣ በሌላው ወፍራም መጥለቂያ። ይህን አበላል ያስፋፋው ታይሾኬን የሚባለው ራመን ቤት አብሳይ ካዙኦ ያማጊሺ ነው። ኑድሉን ጫፉን ብቻ ነክራችሁ ሳቡ፤ እንጀራ ወጥ ውስጥ እንደማይዘፈዘፍ ሁሉ። ሲያልቅ «ሱፕ ዋሪ» ብትሉ የቀረውን መጥለቂያ በትኩስ መረቅ አቅጥነው ይሰጧችኋል፤ እንደ ሾርባ ትጠጡታላችሁ። ከራመን ሁሉ በጣም የምወደው ደቂቃ ይህ ነው።

መረቁን እስከ መጨረሻው መጠጣት አብሳዩን ያስደስታል፤ ግዴታ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ የአንድ ሳህን ራመን መረቅ ብቻውን ወደዚያ ሊደርስ ይችላል። ደም ግፊት ያለባችሁ ሰዎች ኑድሉን በልታችሁ መረቁን ያለ ሐፍረት ተዉት።

ስትጨርሱ

ብዙ ሰው ከተቀመጠ አሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይነሣል። ወሬ ካላችሁ ለቡና ቤት አቆዩት። ሳህኑንና ብርጭቆውን ባንኮኒው ከፍ ያለ መደብ ላይ አንሡት፤ የተቀመጠውን ጨርቅ ወስዳችሁ ፊታችሁ ያለውን ቦታ ጥረጉት። ሒሳቡ ከፊት ተከፍሏልና የሚጠበቅ ነገር የለም። ወደ አብሳዩ ዞር ብላችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «ጎቺሶሳማ ዴሺታ» በሉ፤ ስለ ማዕዱ አመሰግናለሁ ነው። ሥራ ላይ ስለሆነ ቀና ላይል ይችላል፤ ግን ይሰማል፣ ይመልስላችኋልም። በሩን ስትስቡት ሾኬኑን ይዞ የቆመው ሰው ወንበሩ ገና ሳይቀዘቅዝ ይገባል።